ዋጋና ምክንያት

በጉጂዋ ሻኪሶ ከተማ በወርቅ መግዣ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ሚዛን ከአንድ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። ባህላዊ አምራቹ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣውን ደቃቅ ወርቅ ገዢው ይዘረግፈዋል። በማግኔት ብረቱን ይለያል፣ እፍ እያለ ጥቁሩን አሸዋ ያስወግዳል፣ የቀረውን ሚዛኗ ላይ ያደርጋል። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ እስኪረጋ ድረስ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠራው ዋጋ ለሻጩ እንግዳ አይደለም፤ የዕለቱን የግራም ሒሳብ ገና ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳለ ሰምቶታል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት፣ በአንድ የ11ኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ሌሎች ሁኔታዎች ባሉበት ከቆዩ፣ ዋጋ ሲጨምር የሚፈለገው መጠን ይቀንሳል» የሚል ሕግ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ ደብተር ይገለበጣል። በሚዛኗና በሰሌዳው መካከል ያለው መንገድ በእግር ቢኬድ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪ ግን ያን መንገድ ሳይሻገር 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል።

ኢኮኖሚክስ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲ መንደርደሪያ ይሆናል ተብሎ ነው። መጽሐፉም ፈተናውም የተቃኙት ተማሪው ነገ በዩኒቨርሲቲ ይቀጥለዋል በሚል ግምት ነው። ግምቱ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ብሔራዊ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ያለውን ውጤት እንይ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። በሬሜዲያል ፕሮግራም የገቡትን ብንጨምርም፣ ከገቡትም ውስጥ ኢኮኖሚክስን የሙያ ትምህርታቸው የሚያደርጉት ጥቂቶች መሆናቸውን ብናስብ፣ ለአብዛኛው ልጅ የ12ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ በሕይወቱ የሚያገኘው የመጨረሻ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። እንግዲህ ትምህርቱ የሚመዘነው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ሳይሆን በወርቅ ቤቱ፣ በቡና ማጠቢያው፣ በከብት ገበያውና በገቢዎች ቢሮ መስኮት ላይ መሆን አለበት። ትምህርቱን ጨርሶ ወደዚያ የሚሄድ ወጣት ሳይማር ከሄደው ጓደኛው የተሻለ ምን ያያል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። የእኔ መልስ ብዙ ሊያይ ይችላል፣ አሁን በሚሰጠው መንገድ ግን እምብዛም አያይም የሚል ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። የሻኪሶ ልጅ ገበያን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ገበያ ውስጥ ተወልዶ ገበያ ውስጥ ላደገ ልጅ የገበያ ትምህርት ምን ይጨምርለታል? ይባላል። እውነትነት አለው። ልጁ ዋጋ ያውቃል፣ መደራደር ያውቃል፣ የማይታመን ሚዛን ከሩቅ ይለያል። የማያውቀው ምክንያቱን ነው። ገበያ ዋጋን ጮኾ ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሻጭም ገዢም ከማያዩት ሩቅ ቦታ ስለሚመጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ከዚያ ዕለት በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ወር በዓለም ገበያ አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ ወደ 2,400 ዶላር ያወጣ ነበር። አንድ ተማሪ እርሳስ ይዞ ቢያካፍለው አንድ ግራም 77 ዶላር ገደማ መሆኑን ያገኛል። በ57 ሲያባዛው 4,400 ብር ይሆናል፣ በ110 ሲያባዛው 8,500 ብር ይጠጋል። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፣ ግራሙ ያው ግራም ነው፣ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ ነው። የተለወጠው አዲስ አበባ ላይ የተላለፈ አንድ ውሳኔ ነው። ይህን ማባዛት ለ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ ሒሳብ አይደለም፤ ሆኖም የዘመናችንን ትልቁን የኢኮኖሚ ለውጥ ከአባቱ መዳፍ ላይ ካለው ወርቅ ጋር ያገናኝለታል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም፤ የኢኮኖሚክስ ትምህርትነቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከምንዛሪ ለውጡ በፊት ባንኩ በይፋዊው ምንዛሪ በተሰላው የዓለም ዋጋ ላይ ማበረታቻ እየጨመረ ይገዛ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ በ2016 በጀት ዓመት ወደ ባንኩ የገባውና ወደ ውጭ የተላከው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር። በቀጣዩ በጀት ዓመት ከ30 ቶን በላይ ሆነ፣ ገቢውም ከ3 ቢሊዮን ዶላር በለጠ። ይህን የሰማ ሰው «ምንዛሪው ተለቀቀ፣ ወርቁ መጣ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። የተማረ ሰው ግን ከመደምደሙ በፊት ሁለት ጥያቄ ያነሳል። በዚያው ዓመት የዓለም የወርቅ ዋጋም በብዙ ጨምሯል፤ ታዲያ የጭማሪው የትኛው ክፍል የምንዛሪው፣ የትኛው የዓለም ዋጋው ሥራ ነው? ደግሞስ ይህ ሁሉ ወርቅ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ተቆፍሮ ወጣ ወይስ ቀድሞም ይወጣ ነበርና በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ይሄድ የነበረው መንገዱን ቀየረ? «ሌሎች ሁኔታዎች ባሉበት ከቆዩ» የምትለው፣ ተማሪው ትርጉሟን ሳያውቅ የሚሸመድዳት ሐረግ፣ ጥቅሟ ለዚህ ነው። ሁለት ነገር አብረው ሲለወጡ አንዱን ብቻ ተጠያቂ እንዳናደርግ ትይዘናለች። በወሬ ላይ ከቆመ ፍርድ የምታድነው እሷ ናት፤ ለዚህም ስል በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺ ሐረግ ብቻ ገብታው ቢወጣ አንድ ተማሪ ጊዜውን አላባከነም እላለሁ።

ከወርቁ ሳንለይ አንድ ነገር ልጨምር። የመማሪያ መጻሕፍት ስለ ብቸኛ ሻጭ ብዙ ያስተምራሉ። የወርቅ አገር ልጅ የሚያውቀው ግን የዚያን ተቃራኒ፣ ብቸኛ ገዢን ነው፤ በሕጋዊው መስመር የወርቅ የመጨረሻ ገዢ ለረጅም ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ሆኖ ቆይቷልና። ብቸኛ ገዢ ዋጋውን ከገበያው በታች ሲያደርግ ሻጩ ሁለት ምርጫ አለው፤ መቆፈሩን መተው ወይም ሌላ ገዢ በጨለማ መፈለግ። ኮንትሮባንድን በሕግና በሥነ ምግባር ብቻ የተማረ ልጅ ድርጊቱ ስሕተት መሆኑን ያውቃል፤ ለምን አንድ ዓመት እንደሚበዛ፣ ሌላ ዓመት እንደሚቀንስ ግን አያውቅም። በባንኩ ዋጋና በጥቁር ገበያው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ የሚያሳይ አንድ መስመር በሰሌዳ ላይ ቢሳልለት ግን ነገሩ ይገለጥለታል። ይህን ማወቁ ሕግ እንዲጥስ አያደፋፍረውም፤ እንዲያውም ነገ ሕግ አውጪ ወይም የወረዳ ሹም ቢሆን ከኬላ በፊት ዋጋውን እንዲመረምር ያስተምረዋል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ቡናው ይጀምራል። የጉጂ ቡና ዛሬ በራሱ ስም በዓለም ገበያ ይታወቃል፤ ለብዙ ዓመታት ግን የሚሸጠው በሲዳሞ ስም ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የዓረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ሲደርስ ከምክንያቶቹ ዋናው በብራዚል የደረሰ ድርቅ ነበር። የብራዚልን ካርታ አይቶ የማያውቅ ገበሬ በብራዚል ድርቅ ምክንያት ለእሸት ቡናው የሚጠይቀው ዋጋ ይለወጣል። ገበሬውን «የዓለም ገበያ» የሚባል ነገር ወዳጁ ወይም ጠላቱ እንደሆነ አድርጎ ማሳመን ቀላል ነው፤ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ኢኮኖሚክስ ሊሠራ የሚገባው ይህን ምስጢር መፍታት ነው። ዋጋ ከኒው ዮርክ እስከ ማጠቢያ ጣቢያው በር ድረስ ሲወርድ በእያንዳንዱ ደረጃ ምን ይቀነስለታል፣ ለትራንስፖርት ስንት፣ ለላኪው ስንት፣ ለሰብሳቢው ስንት? ይህ ሰንሰለት የአንድ ሳምንት የክፍል ሥራ ሊሆን ይችላል። አባት የሸጠበትን ዋጋ ከልጁ በላይ ማን ያመጣዋል?

በሰንሰለቱ መካከል ደላላው አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ ደላላን የሚወድ የለም። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ግን ስሜቱን ትተው ጥናት አደረጉበት። በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ደላሎች ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ሥራቸው ነጋዴዎች ደላላን ለምን እንደሚጠቀሙ አሳየ። በማያውቁት ከተማ ከማያውቁት ሰው ጋር መነገድ ራሱ ወጪ አለው፤ ገዢ መፈለግ፣ ጥራት ማረጋገጥ፣ ገንዘቡ እንደሚከፈል እርግጠኛ መሆን ሁሉ ያስወጣል። ደላላው የሚሸጠው ይህን ማረጋገጫ ነው። ያ ጥናት መነሻ ከሆናቸው ሐሳቦች የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተወለደ፤ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ቡናም ብዙ ሳይቆይ ገባበት። ምርት ገበያው ቡናን በየደረጃው መድቦ ሲያገበያይ ክፍያውን አስተማማኝ አደረገ፤ በሌላ በኩል ቡናው ከየትኛው ማጠቢያና ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚናገረው ምልክት ጠፋ፤ ልዩ ቡና ፈላጊ ገዢዎችም የሚከፍሉት ለዚያ ምልክት ነው። ከ2009 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ቡናን ከምንጩ ጋር አያይዞ በቀጥታ ለመላክ በር ተከፈተ። ይህን ታሪክ የምወደው ወንጀለኛ የሌለበት ስለሆነ ነው። አንድ ችግር ለመፍታት የተሠራ መልካም ሥራ ሌላ ነገር አስከፈለ፣ ቆይቶም ተስተካከለ። «የተተወው አማራጭ ዋጋ» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም።

የደቡቡ ቆላ ዋና ሀብት ግን ወርቅም ቡናም አይደለም፤ ከብት ነው። ትምህርቱም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉ በላይም ዝም የሚለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አርብቶ አደር ወተትና ሥጋ ብቻ በልቶ አይኖርም፤ ከብት ሸጦ በቆሎ ይገዛል። ስለዚህ ኑሮው የሚለካው በከብቱ ብዛት ሳይሆን አንድ በሬ ስንት ኩንታል በቆሎ ይገዛል በሚለው ልውውጥ ነው። በደህናው ጊዜ አንድ በሬ 8 ኩንታል ይገዛ ነበር እንበል። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ይወጣል፣ የበሬው ዋጋ በግማሽ ይወርዳል፤ በዚያው ጊዜ በቆሎው በእጥፍ ይጨምራል። በሬው አሁን የሚገዛው 2 ኩንታል ነው። አንድም ከብት ሳይሞትበት ሰውየው ከሀብቱ ሦስት አራተኛውን አጥቷል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የድህነትና የረኃብ ጥናት፣ ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. የነበረውን የኢትዮጵያ ረኃብ ሲመረምሩ ያሳዩት ይህንኑ ነው። በወሎ ያለቀው ሕዝብ በአገሪቱ እህል ስለጠፋ ብቻ አላለቀም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ሰዉ የሚገዛበት አቅም ነው የጠፋው። አርብቶ አደሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ከብቱ ሞተ፣ የተረፈውም ከእህል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ረከሰ። ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የኢትዮጵያ ረኃብ የዓለምን የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ሲለውጥ፣ የነገሌና የሻኪሶ ልጅ ይህን ታሪክ ሳይሰማ ኢኮኖሚክስ ተምሮ መጨረሱ ያሳዝነኛል።

በቅርቡ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ያ ታሪክ በዓይን ታየ፤ ከብት በሚሊዮን አለቀ። ታዲያ አርብቶ አደሩ ገና ሳይከሳ ለምን አልሸጠም? የሚል ጥያቄ በየቢሮው ይሰማል፣ ከጥያቄው በስተጀርባም «ከብት መቁጠር ይወዳል፣ ገበያ አያውቅም» የሚል ንቀት አለ። ኢኮኖሚክስ በትክክል ከተማሩት የዚህ ንቀት መድኃኒት ነው። ከብት ለአርብቶ አደሩ ባንክም መድንም ነው። ድርቁ ሲያልፍ መንጋውን ከዜሮ መጀመር እጅግ ከባድ ነው፣ ሁለት ላም የተረፈለትና ሃያ የተረፈለት እኩል አይነሱም። ስለዚህ ብዙ ይዞ መቆየት በማያስተማምን ሰማይ ሥር የታሰበበት ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለጎደለበት ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት። ይህ ሥርዓት የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ድርቁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲመታ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት ኢንሹራንስ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር ያቀረበው ይህ መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም፤ በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካና ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ይከፍላል። ቆጣሪ መላክ ስለማያስፈልግ ርካሽ ነው፣ ከብቱን ሆን ብሎ ችላ የሚል አያተርፍበትም። ጉድለትም አለው፤ ሳተላይቱ ለምለም ነው ያለው ቀበሌ ውስጥ ከብቱ ያለቀበት ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። እንግዲህ ሁለቱን፣ ቡሳ ጎኖፋንና ሳተላይቱን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው የትኛውን አደጋ ይሸከማል ብሎ መጠየቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው፣ ከየትኛውም ፈተና የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ተቃውሞ ይነሳል፤ ኢኮኖሚክስ የነጮች ትምህርት ነው፣ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰውን ይዞ ይነሳል፣ እኛ ዘንድ አይሠራም የሚል። ትምህርቱ እንደ ሃይማኖት ሲሰጥ ተቃውሞው ልክ ነው። ብዙ መጻሕፍት የጋራ ግጦሽ ባለቤት ስለሌለው ይራቆታል የሚለውን፣ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፉትን መከራከሪያ እንደ ሕግ ይጠቅሳሉ። በቦረና ምድር ያሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ሕግ ጋር አይስማሙም። ኤላ በሚባለው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃ ያወጣሉ። የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን አባ ሄረጋ የሚባለው ኃላፊ ይጠብቃል፣ ጉድጓዱን በመቆፈርና በመጥረግ ያልተሳተፈም እንደተሳተፈው መብት የለውም። ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊዘርላንድ ተራራ ግጦሽ እስከ ፊሊፒንስ መስኖ ያጠኑት እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ሰዎች የጋራ ሀብትን ከመንግሥትም ከግል ባለቤትም ውጭ በራሳቸው ደንብ ለትውልዶች ማስተዳደር እንደሚችሉ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ስለዚህ የቱላን ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ከመጽሐፉ ጋር የሚከራከርበት ማስረጃ በእጁ አለ። ትምህርቱ የውጭ ነው ለማለት ከመቸኮል ይልቅ ትምህርቱ ራሱ በማስረጃ እንደሚታረም፣ ማስረጃውም ከዚህ ሊመጣ እንደሚችል ማሳየት ይሻላል።

የትምህርቱ ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን ሰው ሲጣላ ነው። በሻኪሶ አቅራቢያ ባለው ለገደንቢ የአገሪቱ ትልቁ የወርቅ ማዕድን ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሚድሮክ ወርቅ እጅ ሆኖ ሲሠራ ቆየ። በ2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ሰውንና ከብትን ጎዳ ብሎ ተቃውሞ አስነሳ፣ በግንቦት ወርም መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ገበያ መክሸፍ የሚያስተምር ምዕራፍ አለው፤ በግዢና ሽያጩ ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ወገን የሚከፍለው ዋጋ ያለበትን ሁኔታ ያብራራል። ወርቅ ሻጩና ወርቅ ገዢው ተስማምተዋል፤ ከወንዙ በታች ያለችው ላም ግን በስምምነቱ ውስጥ የለችም። ትምህርቱ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን አይፈርድም፤ ያ የሐኪምና የኬሚስት ልኬት ይፈልጋል። የሚሰጠው የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። ጉዳቱ ተለክቷል ወይ? በማን ላይ ስንት አረፈ? ማዕድኑ ሲዘጋ የሥራ ማጣቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ጉዳቱ በአምራቹ ወጪ ውስጥ እንዲገባ ግብር ይሻላል፣ ደንብ ይሻላል ወይስ ካሳ? ቁጣ ብቻውን ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል፤ ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ ካሳ የሚያገኝበትን መንገድ ግን አይሠራም። ለዚያ የሒሳብና የማስረጃ ቋንቋ ያስፈልጋል፤ የከተማው ልጆች ያን ቋንቋ በ12ኛ ክፍል ሊያገኙት ይችሉ ነበር።

መምህራን የሚያነሱት ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ፈተናው አገር አቀፍ ነው፣ ስለ ሻኪሶ ወርቅ አይጠይቅም፤ መጽሐፉ ሰፊ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፤ ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚማር ግማሹ ጉልበቱ በቋንቋው ያልቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የውጤቱን ቁጥር ተመልሰን ስናይ፣ ትርጓሜ ማስገልበጡ ለፈተናውም ቢሆን እንዳልጠቀመ ግልጽ ነው። በማይገባው ቋንቋ የማያውቀውን ነገር የሚማር ልጅ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ የሚያውቀውን ነገር በማይገባው ቋንቋ ቢማር ግን ሸክሙ አንድ ይሆናል። የወርቅን ዋጋ የሚያውቅ ልጅ ምክንያቱን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተወያይቶ ከገባው በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል ለማስታወስ አንድ ቀን ይበቃዋል። ምሳሌው የአካባቢው መሆኑም ተማሪውን በአካባቢው አያጥረውም፤ ከላይ እንዳየነው ከሻኪሶ ሚዛን የተነሳ ጥያቄ ኒው ዮርክና ብራዚል ደርሶ ይመለሳል። እንደ ብርቱካን ሻጭ ካለ የመጽሐፍ ምሳሌ የተነሳ ጥያቄ ግን የትም አይደርስም።

ሌላው ቅር የሚለኝ የመስክ ክፍፍሉ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ ከኢኮኖሚክስ ይለያል። ነገ የማዕድን መሐንዲስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ወደዚሁ ቆላ የሚመለሰው እሱ ነው፤ የጉድጓዱን ቦታ የሚመርጠው፣ የክትባቱን ወጪ የሚያሰላው፣ የቡና ዝርያ የሚመክረው እሱ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ቢሰጠው ከብዙ የባከነ ፕሮጀክት ያድነናል ብዬ አምናለሁ። ይህ በሥርዓተ ትምህርት አውጪዎች እጅ ያለ ነገር ነውና ለእነሱ ልተወው።

በመምህሩ እጅ ያለው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ነገ ሊጀመር ይችላል። የባንኮች የዶላር ምንዛሪ በየቀኑ ይወጣል፣ የዓለም የወርቅና የቡና ዋጋ በስልክ ይገኛል፣ የከተማውን የግራም ዋጋና የእሸት ቡናውን የኪሎ ዋጋ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጣሉ፣ የበሬና የበቆሎውን ከገበያ የመጣ ዘመድ ይነግራቸዋል። የኢኮኖሚክስ መምህር ሆይ፣ የሰሌዳዎን አንድ ጥግ ለእነዚህ ሰባት ቁጥሮች ይልቀቁ። በየሳምንቱ ሰኞ ይጻፏቸው፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ያስተያዩዋቸው፣ የተለወጠው ለምን እንደተለወጠ ተማሪዎችዎን ይጠይቁ፤ መልሱን ሳይነግሯቸው እስከ ዓርብ ድረስ ይጠብቋቸው።